ባቄላው ከፊት ነው

መምህር ይመር ባረፉ በሦስተኛው ቀን፣ ሰደቃው ተበልቶ ሰዉ ከተበተነ በኋላ፣ ግቢያቸው ውስጥ አግዳሚው ላይ የቀረነው ስድስት ነበርን። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ ጀርባቸውን ለግድግዳው ሰጥተው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው፣ ሠላሳ ዓመት አጥር የተጋሯቸው ጎረቤታቸው መርጌታ ወልዴ፣ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው። ከዚያ መድኃኒት ቤት ያላት ከድጃ። ከእሷ ቀጥሎ በመካነ ሰላምና በደሴ መካከል ሚኒባስ የሚነዳው ሰይድ። ጫፉ ላይ ከአቀስታ የመጣው መካኒኩ ደምሴ፤ እጁን በደንብ ታጥቦ ቢመጣም ጥፍሩ ሥር ያለው ጥቁር ግራሶ አልለቀቀም። ስድስተኛው እኔ ነኝ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ጽሑፍ እየተየብኩና ኮፒ እያነሣሁ የምኖር ሰው ነኝ።

አለቀስን ማለት አልችልም። ይልቁንስ ተከራከርን። መምህር ወደ መካ የሄዱ ዕለት ጠዋት ካፊያ ነበር ሲል ሰይድ ጀመረው።

«ካፊያ ቢኖር ጃንጥላቸውን አይዘረጉም ነበር?» አለች ከድጃ። «እንደ ምርኩዝ ነበር የያዙት።»

«ያ ጃንጥላ እኮ ዝናብ አይቶ አያውቅም» አሉ እትዬ ዘሃራ። «ሰሌዳ ማመልከቻ ነው።»

መርጌታ ጭጋግ እንጂ ካፊያ አልነበረም አሉ። እኔ ቤቴ ገብቼ ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያ ክርክር ምክንያት ነው። ያየነው ሰዎች በሕይወት እያለን ነገሩ ከአሁኑ እየተሸራረፈ ከሆነ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ምን ሊቀር ነው?

መምህር ይመር ረጅምና ቀጭን ነበሩ። ሲቆሙ ትንሽ ወደ ግራ ያዘነብላሉ፤ ሲያዳምጡ ደግሞ የቀኝ ጆሯቸውን ያቀርባሉ። የቡናማ ኮታቸው የግራ ኪስ ሁልጊዜ ጠመኔ ነበረበት፣ ጡረታ ከወጡም በኋላ። ልጅ ሆነው ሼህ ዘንድ ቁርዓን ቀርተዋል፤ አስኳላ የገቡት ዘግይተው ነው። እንግሊዝኛን ከአንድ ሽፋን ከሌለው መጽሐፍና ከሬዲዮ እንደተማሩ ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ከዚያም እዚሁ መካነ ሰላም ሠላሳ አንድ ዓመት አስተማሩ።

እኔ ተማሪያቸው አልነበርኩም። ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሜ ከወግዲ ገጠር ነው የመጣሁት። ስለ አስተማሪነታቸው የማውቀው ከሌሎች ሰምቼ ነው፤ የሰማሁትን ግን ከሦስት ሰው በላይ ጠይቄ አረጋግጬዋለሁ።

በጥንቱ ጊዜ አንድ ክፍል ውስጥ ዘጠና ልጅ ይቀመጥ ነበር። መጽሐፍ ለስድስት አንድ ነው። ከኋላ ለተቀመጠው ድምፅ አይደርስም። መምህር ይመር ታዲያ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ወዳለው ሸለቆ ይወስዷቸዋል። ግማሹን እዚህ ያቆማሉ፤ ግማሹ ወርዶ፣ ተሻግሮ፣ ማዶ ይቆማል። ከዚያ ይኼኛው ወገን አንድ የእንግሊዝኛ ቃል እየቆራረሰ ይጣራል፤ ያኛው ወገን ስንት ቁራሽ እንደሰማ በጣቱ ያሳያል። በአየር ላይ የሄደ ድምፅ ተሰነጣጥቆ ስለሚደርስ ቁራሾቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። «እንጀራ በቁራሽ፣ ቃልም በቁራሽ» ይሉ ነበር። ያንን ሸለቆ ልጆቹ «የመምህር ሰሌዳ» አሉት። ዛሬም ስሙ ነው።

ከሁሉ የሚወዷቸው ሁለት ሆነው አንድ የሆኑ ቃላትን ነበር። ብላክቦርድ። ሬይንኮት። ባስ ስቶፕ። ቱዝብራሽ። «ሁለት ቃል ሲጋቡ» ይሉ ነበር አሉ፣ «መጀመሪያ የሚጠየቀው ድንበሩ የት ነው የሚለው ነው። የዚህን ፊደል ወስደህ ለዚያ ከሰጠህ ቤቱ ፈረሰ።» የአከፋፈሉ ነገር እንከን የለበትም። ዛሬም የእሳቸው ተማሪ የሆነ ሰው ቃል ሲቆርስ ከሌላው ይለያል።

ስህተቱ ሌላ ቦታ ነበር። እሱን ያገኘሁት ደግሞ እኔ ነኝ።

ጡረታ ሊወጡ ጥቂት ወር ሲቀራቸው የመጨረሻ ፈተናቸውን እንዳባዛላቸው ወደ ቤቴ መጡ። ወረቀቱ እስኪወጣ ድረስ ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን መዝገበ ቃላት ያገላብጣሉ። እኔ በዚያ መዝገበ ቃላትና በስልኬ ብቻዬን እንግሊዝኛ ስማር ሁለት ዓመቴ ነበር። ዓይን አፋር ስለሆንኩ ያን ቀን ለምን እንደደፈርኩ አላውቅም።

«መምህር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ?»

«ጠይቅ እንጂ።»

«የርስዎ ተማሪዎች ብላክቦርድ ሲሉ ኋለኛውን ነው የሚያነሡት። መጽሐፉ ግን ይህችን ጭረት ከፊተኛው ቁራሽ በፊት ነው ያደረጋት። ጭረቷ ጠንከር ተብሎ የሚነሣውን የምታሳይ ናት።»

መነጽራቸውን አደረጉ። ትምህርት ቤት የነበሯቸው መዝገበ ቃላት ይህች ጭረት የሌላቸው ትናንሾቹ ነበሩ። ስልኬን ከፍቼ ቃሉን አሰማኋቸው። ድገም አሉኝ። አሥራ አንድ ጊዜ አስደገሙኝ። ከዚያ ሬይንኮትን፣ ከዚያ ባስ ስቶፕን፣ ከዚያ ቱዝብራሽን። የወረቀት ካርቶኑ ላይ ተቀመጡ።

«ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ሁሉም አይደለም፤ የሚበዛው።»

ተነሡና ደጃፉ ላይ ቆሙ። «ሰው ከማዶ ስትጠራ የስሙን የትኛውን ታነሣለህ?» አሉኝ።

አሰብኩት። «መጨረሻውን» አልኩ።

«መጨረሻውን። ፊተኛው ነፋስ ይበላዋል፤ ስለዚህ መጨረሻውን ታነሣለህ፣ ታስረዝማለህም።» ወደ ትምህርት ቤቱ አቅጣጫ አዩ። «ሸለቆው ነው ልጄ። እኔ ሠላሳ ዓመት እንግሊዝኛ ሳይሆን ጥሪ ነው ያስተማርኩት።»

ወረቀታቸውን ይዘው ሄዱ። ያን ጊዜ የማላውቀውን ነገር የነገሩኝ በማግስቱ እትዬ ዘሃራ ናቸው። ቤቴ ድረስ መጥተው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«አንተ ልጅ፣ ሰውዬውን ምን አድርገህ ነው የላክህልኝ? ከትናንት ጀምሮ የወጥ ምስሬን ከባቄላ ጋር ጠረጴዛ ላይ ይደረድራል። ሐጅ ሊሄድ ሦስት ሳምንት የቀረው ሰው እኮ ነው።»

በእኛ አገር ሐጅ የሚሄድ ሰው አስቀድሞ ይዞራል። ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተጣላውን፣ ያስቀየመውን ሁሉ «አፉ በለኝ»፣ ይቅር በለኝ፣ ይላል። የሰው ሐቅ ተሸክሞ ካዕባ ፊት መቆም የለም። መምህር ይመርም ዙረቱን ጨርሰው ነበር ለካ፤ ከመርጌታ ወልዴ ጋር የነበራቸውን የአጥር ቅሬታ ሳይቀር ፈትተዋል። እኔ ደግሞ በመጨረሻዋ ሰዓት ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የተማሪ ሐቅ አሸክሜያቸው ቁጭ አልኩ።

መስጊድ ሄደው ሼሁን ጠየቁ። ሼሁም ሳያውቁ ለሠሩት ስህተት እንደማይጠየቁ ነገሯቸው። መምህር ቤታቸው ተመልሰው ያሉትን መርጌታ በጆሯቸው ሰምተዋል፦ «ያኔ አላውቅም ነበር። አሁን አውቄያለሁ።»

መርጌታ ራሳቸውም ቢሆኑ አላጽናኗቸውም። «በእኛም የግዕዝ ንባብ የሚነሣ አለ፣ የሚወድቅ አለ» አሏቸው። «የሚወድቀውን ካነሣህ መምህሩ ያስደግምሃል። አንተን ማን ያስደግምህ፤ መምህሩ አንተው ሆነህ።»

«እንግዲያስ ራሴን ላስደግማ።»

«ተማሪህ ስንት ሺህ ነው? በየቱ እግርህ ልትዞረው?»

መፍትሔውን ያገኙት መርጌታ ናቸው። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ መስጊድ ላይ ተነገረ፤ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ መርጌታ ራሳቸው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆመው ተናገሩ። «ከመምህር ይመር ዘንድ እንግሊዝኛ የተማራችሁ ሁሉ፣ ሁለት ቃል ተጋብቶ አንድ ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ፊተኛው ነው፤ መምህር አፉ በሉኝ ብለዋል።» አንዲት ባልቴት ከኋላ «የምን ጋብቻ ነው?» ብለው ጠየቁ አሉ። ሰዉ ሳቀ። መርጌታም ሳቁ፤ ግን ደገሙት።

በሥራቸው እንግሊዝኛ ለሚያስፈልጋቸው ግን መምህር በአካል መሄድ አለብኝ አሉ። ነርሶች፣ አስተማሪዎች፣ ሾፌሮች፣ የቢሮ ሰዎች። አርባ ሦስት ስም ተየብኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ውስጥ ከተቱ፤ በቀኝ ኪሳቸው ባቄላ፣ በግራው ከጠመኔው ጋር ምስር ያዙ። ባቄላ የሚከብደው ቁራሽ ነው፤ ምስር የሚቀለው። ጩኸት የማያስፈልገው ማስተማሪያ መሆኑ ነው።

መጀመሪያ የሄዱት ከድጃ ዘንድ ነበር። እኔም ስልኩን ይዤ አብሬ ነበርኩ፤ የሚጠራጠር ካለ ይስማ ብለው ወስደውኝ ነው። የመድኃኒቱ መደርደሪያ ላይ አንድ ባቄላና አንድ ምስር አስቀመጡ።

«ቱዝብራሽ። ባቄላው ከፊት ነው።»

«መምህር፣ ለዚህ ብለው መጡ?» አለች ከድጃ። «እዚህ እኮ ሰው የጥርስ ብሩሽ ስጪኝ ነው የሚለኝ። ማን ላይ ነው የምለው?»

«የምትይውን አልጠየቅሁሽም። ያሸከምኩሽን ነው።»

ሦስት ጊዜ አለችው። በሦስተኛው ራሳቸውን ነቀነቁ። «አፉ በይኝ» አሏት።

«አፉ ብያለሁ፤ ምን አጥፍተው» አለች። ባቄላዋን መልሰው ሊያነሡ ሲሉ እሷ ቀደመቻቸው። ዛሬም የሒሳብ ማሽኗ አጠገብ በትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አለች።

ሰይድን መናኸሪያው ውስጥ ነው ያገኘነው፣ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ደሴ ደሴ እያለ ሲጣራ። ባስ ስቶፕን ሲያርሙት፣ «መምህር፣ እኛ ፌርማታ ነው የምንለው» አለ። «ደግሞ እኔ በጩኸት የምኖር ሰው ነኝ፤ ሸለቆው ጠቅሞኛል። አፉ ብያለሁ፣ ይልቅ ይምከሩኝ፤ ደሴን ከየት ላንሣት?» ወረፋ የሚጠብቁት ሾፌሮች ሁሉ ሳቁ። መምህርም ሳቁ። ግን ሳያስብሉት አልሄዱም።

እኔም አንድ ጥፋት አጠፋሁባቸው። አሁን ራሱ ርዕሰ መምህር የሆነ አንድ ተማሪያቸው ዘንድ ሄደው ሄድማስተር የሚለውን ቃል ባቄላውን ከፊት አድርገው አረሙት። እኔ ቤቴ ገብቼ መጽሐፉን ስገልጥ ጭረቷ መሃል ላይ ናት፦ ምስር፣ ባቄላ፣ ምስር። ከሌሎቹ ያፈነገጠ ቃል ነው። በማግስቱ ፈራ ተባ እያልኩ ነገርኳቸው። ግድግዳ ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ሠላሳ ዓመት ሳላውቅ ልክ ያልኳት አንዲት ቃል፣ እሷንም ሄጄ አበላሸኋት?»

በዚያው እግራቸው ተመለሱ። ርዕሰ መምህሩን ያረሙት ዕለት ይቅርታ አንድ ጊዜ፣ በማግስቱ ደግሞ ሌላ አንድ ጊዜ ጠየቁት ማለት ነው።

ከአርባ ሦስቱ አርባ ሁለቱ እንዲህ በሳቅ አለቀ። አርባ ሦስተኛው ደምሴ ነው።

አቀስታ የደረስነው በሰይድ ሚኒባስ ነው። ብርዱ አጥንት ይነካል፤ መምህር ኮታቸውን እስከ አገጫቸው ቆልፈዋል። ደምሴ የጭነት መኪና ሥር ተኝቶ ነበር። እግሩ ብቻ ይታያል። ስሙን ሲሰማ ወጣ።

«መምህር። በደህና ነው?»

«በደህና ነው ልጄ። ካቻቪቴን እንግሊዞች ምን እንደሚሉት አስተምሬህ ነበር።»

«ስክሩድራይቨር» አለ ደምሴ። መጨረሻውን አነሣው፤ ከሸለቆ ማዶ እንደሚጣራ።

መምህር ባቄላና ሁለት ምስር አውጥተው ለማስቀመጫ ቦታ ሲፈልጉ ደምሴ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «አውቀዋለሁ» አላቸው። «ፊተኛው ነው የሚነሣው። የነገርኩዎት እንደተማርኩት እንዲሰሙት ብዬ ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ለፋብሪካ ሥራ ሲፈትኑኝ፣ ኮምቦልቻ። ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች ነበሩ። መሣሪያ እያነሡ ስሙን በል አሉኝ። እንደተማርኩት ጮክ ብዬ አልኩ። ሳቁ። አንዱ ድገም አለኝ፤ ደገምኩ። ሌላው ወጥቶ ከጎረቤት ቢሮ ሰው ጠርቶ መጣና ሦስተኛ አስባለኝ።» ጨርቁን ትከሻው ላይ ጣለ። «ሥራውን ያጣሁት በዚያ ነው አልልም፤ ብዙ ተፈታኝ ነበር። ግን ከዚያ ወዲህ በሰው ፊት አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ከአፌ ወጥታ አታውቅም። የመኪናውን መጽሐፍ አነባለሁ፤ አፌን ግን አልከፍትም።»

መምህር ባቄላውን እጃቸው ውስጥ እንደጨበጡት ነበር። «አፉ በለኝ፣ ደምሴ።»

«መቼ ነው የሚሄዱት?»

«የዛሬ አሥራ አንድ ቀን።»

«እንግዲያው የመጡት ለመካው ነው» አለ ደምሴ። ድምፁን አላነሣም። «ለእኔ ቢሆን ኖሮ ሐጅ ባይደርስዎትም ይመጡ ነበር።»

መልስ ይሰጣሉ ብዬ ጠበቅሁ። የአርባ ሁለት ሰው ምሕረት ኪሳቸው ውስጥ ያለ፣ ፀጉራቸው የነጣ ሰው ናቸው። «እውነትህን ነው» ብቻ አሉና ወጡ። ሚኒባሱ ውስጥ እኔ አላስቻለኝም።

«መምህር፣ እኔ ባልጠይቅዎ ኖሮ...»

«አንተ ያየኸውን ነው የተናገርክ። ጥፋቱ ዝርዝሩን እንደ ሸክም ማራገፊያ አድርጌ የያዝኩት እኔ ነኝ። ልጁ አይቶታል። ደምሴ ካላወረደልኝ አልሄድም» አሉ።

ለእትዬ ዘሃራም ይህንኑ ነገሯቸው። ሻንጣው ተዘጋጅቶ ነበር፤ ልጆቻቸው ከሩቅም ከቅርብም ደክመው ያመቻቹት ጉዞ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ከልጅነት ጀምሮ የተመኙት። እትዬ ዘሃራ በማግስቱ ጠዋት ባቄላና ምስሩን ራሳቸው ለቅመው፣ በሁለት ኪስ ከፍለው አስያዟቸው።

ከዚያ በኋላ አቀስታ የሆነውን እኔ አላየሁም። ከሰደቃው በኋላ አግዳሚው ላይ ተቀምጠን የነገረን ደምሴ ነው። ሌላ ጊዜ ተናግሮት አያውቅም።

«አራት ቀን ተመላለሱ» አለ። «አንድም ቀን አፉ በለኝ አላሉኝም። በመጀመሪያው ቀን አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብለው ስሠራ ያዩ ነበር፤ አላናገርኳቸውም። በሁለተኛው ቀን የመሣሪያውን ስም በጋራዥ ቋንቋ አስተምረኝ አሉኝ። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ። ሲሉት ያጣምሙታል። ረዳቶቼ በጉንጫቸው ይስቃሉ። እሳቸው አዩዋቸው። በሦስተኛው ቀን ምን አሉኝ መሰላችሁ፤ ሠራተኞችህን ሁሉ ጥራቸው፣ ከጎረቤት ጋራዥም ያለውን ጥራው፣ ይስሙኝ አሉኝ።»

«ጠራሃቸው?» አለች ከድጃ።

«ጠራኋቸው። ዘጠኝ ሰው ነበር። መምህር መሃል ላይ ቆሙ፤ ጃንጥላቸውን ይዘው። መሣሪያ አነሣሁ። ስሙን በጋራዥ ቋንቋ አሉ። ሰዉ ሳቀ። ድገሙት አልኳቸው።» ደምሴ መሬቱን አየ። «አዎ፣ አልኳቸው። ደገሙት። ሳቁባቸው። ሦስተኛም ሳልጠይቃቸው አሉት። ሦስተኛውን ሲሉ እኔ አልሳቅሁም።»

እትዬ ዘሃራ የሻርፓቸውን ጫፍ ያስተካክላሉ። መርጌታ፣ «ለእኔ አንድ ቀን እንኳ ይህን አልነገረኝም» አሉ።

«በአራተኛው ቀን ባቄላና ምስሩን የሞተር መክደኛ ላይ ደረደርን። ያን ዕለት በረዳቶቼ ፊት አፌን ከፈትኩ። ጠቅላላ የመሣሪያ ሣጥኑን ጨረስነው። ሲሄዱ ግን አፉ ብያለሁ አላልኳቸውም። ማለት ፈልጌ ነበር። አልወጣልኝም። እሳቸውም አልጠየቁም፤ በርታ ብለውኝ ሄዱ።»

የጉዞው ዕለት ሚኒባሱ የሚነሣው ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ነበር። ሻንጣው ተጭኗል። መምህር ግን አሁንም አልሄድም ነበር የሚሉት። እትዬ ዘሃራ፣ «ቢያንስ ደሴ ድረስ ሂድ፤ አቀስታ ላይ ወርደህ ጠይቀው» እያሉ ይለማመጣሉ። በዚህ መሃል ከድጃ ወሬ ላከች፦ መምህር ከመሄዳቸው በፊት ሰሌዳው ዘንድ ብቅ ይበሉ።

ወረድን። በወዲህኛው በኩል የቆምነው መምህር፣ እትዬ ዘሃራ፣ መርጌታ፣ ሰይድና እኔ ነን። ማዶ ከድጃ ያሰባሰበቻቸው የድሮ ተማሪዎች ቆመዋል፤ እኔ ሃያ ሰባት ቆጥሬያለሁ። ነርስ አለ፣ አስተማሪ አለ፣ የታረመው ርዕሰ መምህር አለ። ሁሉም ሥራ ሊገቡ የለበሱ ናቸው፤ ግን እንደ ልጅነታቸው በቁመት ተሰልፈዋል።

ከድጃ እጇን አወረደች። ሁሉም በአንድ ድምፅ ብላክቦርድ አሉ፤ እንደታረሙት ፊተኛውን አንሥተው፣ ኋለኛውን አቅልለው።

እኛ ዘንድ የደረሰው ብላክ ብቻ ነው። የቀረውን ነፋሱ ወሰደው።

መርጌታ፣ «ግማሹ የት ሄደ?» አሉ። ሰይድ ሳቀ። መምህር ግን ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ማዶ አዘንብለው ቆመዋል፤ ፊታቸው ላይ ያየሁት ፈገግታ የአንድ ትንሽ ልጅ ነው። ጃንጥላቸውን አንሥተው ልክ ነው የሚል ምልክት ሰጡ።

ያኔ ከሰልፉ ጫፍ አንድ ሰው ወጣ። ከርቀት መልኩ አይለይም፤ ሰማያዊ ቱታ ለብሷል። ከአቀስታ በመጀመሪያዋ መኪና መጥቶ ነበር ለካ። ወደ ገደሉ አፋፍ ተጠግቶ ሁለት እጁን አፉ ላይ አድርጎ ተጣራ። በእንግሊዝኛ አይደለም። በአገራችን አጣራር፣ መጨረሻውን አንሥቶ፣ አስረዝሞ፣ «አፉ ብያለሁ» አለ። አንዲት ፊደል ሳትጎድል ደረሰች።

መምህር ይመር ጃንጥላቸውን ተደግፈው ቆሙ። ከዚያ ወደ ሰይድ ዞረው፣ «መኪናህን አስነሣ» አሉት።

ሄደው በደህና ተመለሱ። ሰዉ ሐጅ ይመር ሲላቸው፣ «እሱን ገና እየለመድኩት ነው፤ መምህር በሉኝ» ይሉ ነበር። ለዚህ ነው እኔም እንደዚያ የጻፍኩት። ከዚያ በኋላ በነበራቸው ጊዜ ከሰዓት በኋላ እየመጡ ካርቶኔ ላይ ይቀመጡ ነበር። እኔ አዲስ ቃል አነባለሁ፤ እሳቸው ጠረጴዛው ላይ ባቄላና ምስር ይደረድራሉ፤ ከዚያ መጽሐፉን ገልጠን ማን ልክ እንደሆነ እናያለን። ከእሳቸው ጋር ልክ መሆንም መሳሳትም እኩል ደስ ይላል። በመጨረሻው ቀን ሁለት ምስር ቀርቶ ነበር፤ ጠረጴዛዬ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

የጻፍኩትን ለአምስቱም አነበብኩላቸው። የካፊያው ነገር አልተፈታም፤ ጭጋግ ብዬ የጻፍኩ እንደሆነ ሰይድ አልፈርምም ብሏል፤ ስለዚህ ትቼዋለሁ። የጃንጥላው ቀለም ለእኔ ጥቁር ነው፤ እትዬ ዘሃራ ድሮ አረንጓዴ ነበር ይላሉ። ዋናው ግን ሌላ ነው። ደምሴ የተጣራው እኔ በሰማሁት አንድ ጊዜ ነው። እትዬ ዘሃራ ሁለት ጊዜ ነው ይላሉ፤ ሁለተኛው መኪናው ከተነሣ በኋላ ነው፣ መምህርም በመስኮት ሰምተውታል ይላሉ። ደምሴን ስጠይቀው፣ «መጣራቴን እንጂ ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም» አለኝ። ያን ጠዋት ማዶ ከቆማችሁት ሃያ ሰባት ሰዎች መካከል የምታስታውሱ ካላችሁ፣ ቤቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ጎራ ብላችሁ ንገሩኝ። ሁለት ብዬ ባርመው ደስ ይለኛል።